ፈርሜ ንስሐ ብገባስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ የማሳድጋቸው ብቻዬን ነው። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ከአንድ ወር ወዲህ አለቃዬ ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብዬ እንድፈርም እየጠየቀኝ ነው። እስካሁን በሰበብ አስባቡ አሳልፌዋለሁ። አሁን ግን ቀን ቆርጦልኛል። ባልፈርም ከሥራ እንደምወጣ አፍ አውጥቶ ባይነግረኝም ገብቶኛል።

ጓደኞቼን አማከርኩ። አንዷ «የዳንሽው በጸጋ ነው፤ በሥራሽ አይደለም። ፈርሚና ንስሐ ግቢ፤ እግዚአብሔር የልጆችሽን ጉሮሮ ያውቃል» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ «ከፈረምሽ ድነትሽን ሸጥሽው ማለት ነው» አለችኝ። አለቃዬም መጽሐፍ ያውቃል፤ «ጌታ ራሱ የዕዳ ወረቀት ያስቀየረውን መጋቢ አመስግኖታል» ይለኛል። ምርጫዬ ከድነቴ ጋር ምን ያገናኘዋል? ድነት ስጦታ ከሆነ ብፈርምስ? ካልሆነስ እስከ ዛሬ ምን አምኜ ነው የኖርኩት?

*ግራ የገባኝ እህትዎ*

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወደ ጥቅስ ከመሄዴ በፊት አንድ የራሴን ነገር ልንገርሽ።

በ27 ዓመቴ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዕቃ የጫነ መኪና መጣ። ወረቀቱ 40 ወንበር ይላል። እኔ የቆጠርኩት 31 ነው። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው 31። «የቀሩት ዘጠኙ ነገ ይመጣሉ፤ አንተ ፈርም» ተባልኩ። ነገ እንደማይመጡ እኔም አውቃለሁ፣ ያለኝም ሰውዬ ያውቃል፣ ሾፌሩም ያውቃል። ሾፌሩ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የታኘከ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነበር። አንስቼ ፈረምኩ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለሽ? ምንም። ማታ ተንበርክኬ «ይቅር በለኝ» አልኩና ተኛሁ። እንቅልፍም ወሰደኝ። በሁለተኛው ወር ሌላ ወረቀት መጣ። በዚህኛው ጊዜ የለመነኝም የለ። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ሄዱ፤ እንደምፈርም አውቀዋል። ፈረምኩ። ያን ቀን ማታ ግን ከመጸለዬ በፊት አንድ ነገር ታወቀኝ። ጠዋት ስፈርም ገና ማታ ላይ የምለውን ጸሎት እያሰብኩ ነበር። ንስሐን ለሚቀጥለው ኃጢአት እንደ ቀብድ አስቀድሜ ከፍዬዋለሁ ማለት ነው።

ስለዚህ «ፈርሚና ንስሐ ግቢ» ስትባዪ ውስጤ ይረበሻል። ጓደኛሽ ግማሹን በትክክል ተናግራለች። ጳውሎስ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» ይላል፤ ኤፌሶን 2፥8። ይህን ቃል ማንም እንዲያላላብሽ አትፍቀጂ። ግን ሁለት ቁጥር ብቻ ወረድ በይ። በ10ኛው ላይ መልካሙን ሥራ ለማድረግ እንደተፈጠርን ይናገራል። መልካም ሥራ የድነት ዋጋ አይደለም፤ የዳነ ሰው የሚኖረው ኑሮ ነው። «እንዲያው ጸጋ ነውና ብንበድልስ?» የሚለውን ጥያቄም ጳውሎስ ራሱ አንስቶታል። «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሮሜ 6፥1። መልሱ አንድ ቃል ነው፦ «አይደለም»።

ንስሐን ለነገ የቀጠረ ሰው ታሪክ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24 አለ። ፊልክስ ይሁዳን የሚገዛ ሮማዊ ሹም ነበር። ጳውሎስን አስጠርቶ ሲያዳምጠው ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ፍርድ ነገረው። ፊልክስ ፈራ። አየሽ፣ ልቡ ተነክቷል። ያለው ግን «አሁንስ ሂድ፥ በተመቸኝም ጊዜ ልኬ አስጠራሃለሁ» ነው። ቃሉን ደግሞ አላጠፈም። ብዙ ጊዜ እያስጠራ አነጋግሮታል። ጉቦ ይሰጠኛል ብሎም ይጠብቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጳውሎስ እጁ ላይ ነበር። ከሹመቱ ሲነሣም ጳውሎስን እስር ቤት ትቶት ሄደ። ያ የመጀመሪያ ቀን ፍርሃት ተመልሶ እንደመጣለት መጽሐፉ አይነግረንም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ፈርመሽ ንስሐ ብትገቢ እግዚአብሔር ይቅር አይልሽም ብዬ አይደለም፤ ይላል። ጭንቁ፣ ከፈረምሽ በኋላ ንስሐ የሚገባው ልብ ዛሬ ደብዳቤ የጻፈልኝ ልብ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? ዛሬ የሚጨንቅሽ ነገር ትልቅ ሀብት ነው። በሦስተኛው ፊርማ ላይ እኔ አልጨነቀኝም።

አዎ፣ ሦስተኛም ነበር።

ሁለተኛዋ ጓደኛሽ ደግሞ የምትፈራልሽ እውነት ወድዳሽ ነው። ግን ድነትን እንደ መስታወት ብርጭቆ አድርጋ ነው የያዘችው፤ አንድ ጊዜ ከእጅ ካመለጠ አለቀ። እዚህ ላይ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ዓይነት አያስተምሩም። ድነት ዕድሜ ልክ የምንጓዘው መንገድ ነው፣ ሰው ሊወድቅበትም ይችላል የሚሉ አሉ። በእውነት የዳነ ሰው መጨረሻው ላይ አይጠፋም የሚሉም አሉ። ያን ክርክር በአንድ ዓምድ አልጨርሰውም። ሁለቱም ወገኖች ግን ጴጥሮስን ያውቁታል። ጌታውን ሦስት ጊዜ «አላውቀውም» ብሏል። ከመካዱ በፊት ግን «እኔ ግን እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ» ተብሎለት ነበር፤ ሉቃስ 22፥32። ጸሎቱ ከክህደቱ ቀድሟል። በዚያው ሌሊት ይሁዳም ነበር። ልብ በይ፣ ይሁዳ ተጸጽቷል። 30ውን ብር እንኳ መልሷል። ከሒሳብ አንፃር ካየሽው ከጴጥሮስ ይልቅ መዝገቡን የዘጋው እሱ ነው። ገንዘቡን ወደ ካህናቱ ወሰደ፤ ራሱን ግን ወደ ካደው ጌታ አልወሰደም። ጴጥሮስ ምንም የሚመልሰው አልነበረውም። አለቀሰ፣ ቆየ፣ በኋላም ጌታን ባሕሩ ዳር ሲያየው ከጀልባው ዘሎ ወደ እሱ ዋኘ።

አንቺ የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ዘኬዎስን ሳላነሳልሽ አላልፍም። የቀራጮች አለቃ ነበር፤ ሀብታም ነበር። ኢየሱስን ለማየት ሾላ ዛፍ ላይ ወጣ። ጌታ ሽቅብ አይቶ «ፈጥነህ ውረድ» አለው፤ ዛሬ እቤትህ እውላለሁ አለው። ቅደም ተከተሉን ተመልከቺ። መጀመሪያ ገንዘቡን መልስ አላለውም። መጀመሪያ የገባው ቤቱ ነው። ካለው ሁሉ ግማሹን ለድሆች፣ በሐሰት የወሰደውን ደግሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። ሕጉ በዘኍልቍ 5፥7 የበደለ ሰው ዋናውን ከአምስተኛ እጅ ጋር ይመልስ ነበር የሚለው። 100 የወሰደ 120 ይከፍላል። ዘኬዎስ 400 እከፍላለሁ አለ። ዕዳ የሚከፍል ሰው እንዲህ አይከፍልም፤ ደስ ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚከፍለው። ጌታም «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» አለ።

ጥያቄሽ «ምርጫዬ ከድነቴ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ነበር። ለእኔ መልሱ እዚያ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ዘኬዎስ በትክክል መርጦ አልዳነም። ጌታ ቤቱ ስለገባ ግን የገንዘብ ሳጥኑን ሊነካው ግድ ሆነ። እንግዳው ሳሎን ተቀምጦ መዝገቡ እንደ ድሮው ሊቀጥል አልቻለም።

የአለቃሽን ጥቅስ በአጭሩ ልለፈው። ሉቃስ 16 ላይ ያለው መጋቢ ከ100 ማድጋ ዘይት 50፣ ከ100 ጫን ስንዴ 80 አስጽፏል። የተመሰገነው ግን ነገ እንዳለ አውቆ ዛሬ ስለተንቀሳቀሰ ነው። ለውሸቱ ስሙን እዚያው «ዓመፀኛ መጋቢ» ብሎታል። ሁለት ቁጥር አልፎ «ከሁሉ በሚያንስ የታመነ በብዙ ደግሞ የታመነ ነው» ይላል። አለቃሽ እዚያ ድረስ ቢያነብልሽ ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ጠረጴዛሽ እንመለስ። እምቢ ማለትም ጥበብ ይፈልጋል። ዳንኤል በንጉሡ ማዕድ ላለመርከስ በልቡ ሲቆርጥ ጮኾ አልተነሳም። አለቃውን በትሕትና ለመነ። አለቃው ፈራ፤ ንጉሡ ራሴን ያስቆርጠኛል አለ። ዳንኤል አልተቀየመውም። ከእሱ በታች ወዳለው ኃላፊ ሄዶ «አሥር ቀን ፈትነን» አለው። የፈራው ሰው የሚወጣበትን በር ከፍቶለት ነው እምቢ ያለው። አንቺም «ሌቦች ናችሁ» ብለሽ አትግቢ። «ዕቃው በገባ ቀን፣ በዚያው ሰዓት እፈርማለሁ» በይ። ወይም ያየሽውን ቁጥር ራስሽ ጽፈሽ ከሥሩ ፈርሚ። ዕቃ ካልገባ «አልገባም» ብለሽ ጻፊ። ትእዛዙን በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል፤ በጽሑፍ ማዘዝ ማንም አይፈልግም። የምትጽፊውን ሁሉ ግልባጭ ያዢ። ነገ ኦዲተር ቢመጣ የሚጠየቀው የፈረመው ሰው መሆኑን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሕግ የሚያውቅ ሰውም አማክሪ። ሌላ ሥራ መፈለግ ደግሞ ዛሬውኑ ጀምሪ፤ እስክትባረሪ አትጠብቂ።

ለሁለተኛዋ ጓደኛሽም የምለው አለኝ። አትፈርሚ ያልሻት እህት፣ ሥራዋን ካጣች በመጀመሪያው ወር በሯን የምታንኳኪው አንቺ ነሽ። ያዕቆብ «እሳት ሙቁ፣ ጥገቡ» ብሎ ባዶ እጅን የሚሸኝ እምነት ምን ይጠቅማል ይላል። ጉባኤሽም ቢሆን እውነቱን ካስተማረሽ የእውነቱን ዋጋ አብሮሽ መሸከም አለበት። ይህን ለሽማግሌዎቹ ንገሪያቸው። አትፈሪ። ልመና አይደለም።

የኔ መጨረሻ እንዴት ሆነ? በአምስተኛው ወር «ከእንግዲህ የቆጠርኩትን ነው የምጽፈው» አልኩ። ያለፈውንም ተናገርኩ። ከሥራ ወጣሁ። ሰባት ወር ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። የተሻለ በር ወዲያው ተከፈተልኝ ብልሽ እዋሻለሁ። ያገኘሁት ሥራ ደሞዙ ከበፊቱ ያንስ ነበር። ከዚያች ደሞዝ ቆጥቤ የዘጠኙን ወንበር ዋጋ ለዚያው መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ከፈልኩ። ገንዘብ ያዧ ግራ ገብቷት «ምን ብዬ ልቁረጠው?» አለችኝ። «የወንበር» አልኳት። ደረሰኙ እስከ ዛሬ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አለ፤ ቀለሙ ደብዝዟል፤ «የወንበር» የሚለው ግን ይነበባል።

ከቻልሽ ያደረግሽውን ጻፊልኝ። ፈርመሽም ቢሆን ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ሁለት የሥራ ዕድል በአንድ ጊዜ መጣልኝ። አንደኛው ባለሁበት ነው፤ ሌላው ሩቅ ነው። ጸልዬ ዓይኔን ጨፍኜ መጽሐፍ ቅዱስ ስከፍት ዮናስ ላይ «ተነሥተህ… ሂድ» የሚል ወጣልኝ። በማግስቱ ደግሞ ሉቃስ ላይ «በከተማ ቆዩ» የሚል። የተሳሳተውን ብመርጥ ከእግዚአብሔር ፈቃድ እወጣለሁ፣ ድነቴም አደጋ ላይ ይወድቃል ብዬ ፈራሁ። እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ተኛ። ሁለቱም ሥራ የተፈቀደ ሥራ ከሆነ ድነትህ በየትኛውም ላይ አልተንጠለጠለም። የተንጠለጠለው በክርስቶስ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ በሁለቱም ከተማ አለ።

ጌዴዎን የበግ ጠጉር አንጥፎ ምልክት ጠይቋል፤ እውነት ነው። ግን ሂድ የሚለውን ትእዛዝ ቀድሞ ሰምቶ ነበር። የጠየቀው እምነቱ ስለደከመ ነው፤ እግዚአብሔርም ታገሠው። ሐዋርያት ማትያስን ሲመርጡ ዕጣ ጥለዋል። ያ ግን መንፈስ ቅዱስ ከመውረዱ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ዕጣ ተጥሎ አናይም። በምዕራፍ 15 ከባድ ጉዳይ ሲመጣባቸው ተሰብስበው ተከራከሩ፤ ጴጥሮስ የሆነውን ነገራቸው፤ ያዕቆብ ከነቢያት ጠቀሰ፤ ተስማሙ። ውሳኔያቸውንም የመንፈስ ቅዱስና የእኛ ፈቃድ ነው ብለው ጻፉ። መነጋገር፣ ማሰብ፣ መጽሐፍ ማየት፤ መንፈስ ቅዱስ በዚያ ውስጥ ይሠራል።

«አውግስጢኖስስ?» ትለኝ ይሆናል፤ ይህን የጥንት የቤተ ክርስቲያን መምህር የሚጠቅሱት ብዙ ናቸው። በ386 እ.ኤ.አ. ሚላን ውስጥ በአንድ የአትክልት ቦታ «አንሥተህ አንብብ» የሚል ድምፅ ሰምቶ የጳውሎስን መልእክት ገለጠ፤ ሮሜ 13፥13-14 ወጣለት። ግን ያ መጽሐፍ አጠገቡ የነበረው ሲያነበው ስለከረመ ነው። የወጣለትም ቃል የትኛውን ሥራ ያዝ አላለውም። ሴሰኝነቱንና ስካሩን ትተህ ክርስቶስን ልበስ ነው ያለው። ያን ማድረግ እንዳለበት ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ያውቅ ነበር።

አንተ ወረቀት ያዝ። በየትኛው ቦታ ኃጢአት መሥራት ይቀልልሃል? በየትኛው ቦታ ስትወድቅ የሚያነሳህ ወንድም አለ? ወላጆችህ የሚጦራቸው ማን ነው? ሥራውን ትወደዋለህ? ይህን ጻፍ። «ጥበብ ቢጎድለው… እግዚአብሔርን ይለምን» የሚለውን ቃል ይዘህ ጸልይ፤ ያዕቆብ 1፥5። «ሳይነቅፍ» የሚለውንም እዚያው አንብበው። ከዚያ ምረጥና ሂድ። ስትመርጥ ዓይንህን አትጨፍን።

ጥያቄ፦ 68 ዓመቴ ነው። ካመንኩ ገና ስምንት ወሬ ነው። ዕድሜዬን በመጠጥና በቁጣ ጨርሼዋለሁ። ልጄ ከ19 ዓመት በፊት ከቤት ስትወጣ «እንዳትመለሺ» ብያት ነበር፤ አልተመለሰችም። ስልኳ አለኝ፤ ደውዬ አላውቅም። ይቅር መባሌን አምናለሁ። ግን አሁን ማመን ምን ይሠራል? ቀኑ መሽቷል።

መልስ፦ አባቴ፣ በማቴዎስ 20 ላይ በአሥራ አንደኛው ሰዓት የተቀጠሩት ሠራተኞች የሠሩት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ያን አንድ ሰዓት ግን ሠርተዋል። «መሽቷል» ብለው ገበያው ላይ ተቀምጠው አልቀሩም። ከጌታ ጎን የተሰቀለው ወንበዴም የቀረው ጥቂት ሰዓት ነበር፤ እጁና እግሩም መስቀል ላይ ተይዟል። የቀረው አፉ ነው። በዚያ አፍ ጓደኛውን ገሠጸ፣ በደሉን አመነ፣ «አስበኝ» አለ። እርስዎ ደግሞ ስልክ አለዎት።

ዛሬ ይደውሉላት። «እኔ ያኔ እንዲህ የሆንኩት…» ብለው አይጀምሩ። ያሉትን ያንን አንድ ቃል እንዳለ ያንሱና «በድዬሻለሁ» ይበሏት። እንድትመለስ አይለምኗት፣ ይቅር እንድትልም አያስቸኩሏት፤ 19 ዓመት የእሷም ነው። ካላነሳች በሌላ ቀን ይደውሉ። አንስታ ዝም ካለች፣ ስልኩን መጀመሪያ የሚዘጉት እርስዎ አይሁኑ።